አፍ የሌለው ኪስ

ጥቅምት 4

ይድረስ ለሚጢ፣

ደብዳቤሽ ሐሙስ ዕለት ደረሰኝ። እኛ ደህና ነን። ልጄ ሥራ ይዛለች፤ ሦስቱ ወንዶች ሲርባቸው ብቻ ብቅ ይላሉ፤ አባታቸው ጉልበቱን እያሻሸ ያማርራል፤ የልብስ ስፌት ሱቁም በቦታው አለ። ባለፈው በስልክ ስላደረቅሁሽ ይቅርታ አድርጊልኝ። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ጆሮዬን ከበላው ወዲህ ከስልክ ጋር ዓይንና ናጫ ሆነናል። "የጡት ራጅ ተነሳሁ" ስትይኝ "የጡት ልጅ" መስሎኝ፣ በአርባ ሦስት ዓመትሽ የማንን ልጅ ልታሳድጊ ነው እያልኩ ስጮህብሽ ልብስ ሊለኩ የመጡት ሴቶች በሳቅ ፈነዱ። ለዚህ ነው ጻፊልኝ የምልሽ፤ የተጻፈውን ቢያንስ ደግሜ አነበዋለሁ።

አሁን ወደ ጉዳይሽ። "ምንም አልተገኘም፤ ነገር ግን ጡትሽ ጥቅጥቅ ነው" የሚል ወረቀት ደረሰኝ ብለሽ መጨነቅሽ አሳቀኝ። የማን ልጅ ነሽ አንቺ? በእኛ ቤት ከዚህ በላይ ምን ሙገሳ ነበር? አስታውሺ እንጂ። አዲስ ጣቃ በመጣ ቁጥር እማዬ አፏን በስፒል ሞልታ፣ ጨርቁን ወደ መስኮቱ ወስዳ በብርሃኑ ላይ ትዘረጋዋለች። በጨርቁ ውስጥ የመንገዱ ሰው ከታያት "ይሄ ወንፊት ነው፣ መልሱልኝ" ትላለች፤ በስፒሎቹ መሃል እንዴት እንደምትናገር እስከ ዛሬ አይገባኝም። ምንም ካልታያት ደግሞ በሁለት ጣቷ አሸት ታደርገውና "ጥቅጥቅ ያለ" ትላለች። በቃ፣ ያ ጨርቅ ተመረቀ ማለት ነው። አንቺ ከጠረጴዛው ሥር ቁርጥራጭ እየለቀምሽ "ጥቅጥቅ፣ ጥቅጥቅ" እያልሽ ትዘፍኚ ነበር።

ስለዚህ እንኳን ደስ ያለሽ። ሳሳ ቢሉሽ ነበር የምደነግጠው።

ቅጹ ላይ "ከቤተሰብ በጡት ካንሰር የታመመ አለ ወይ" ለሚለው "የለም" ብዬ ሞላሁ ብለሻል። እሺ። እዚህ ብርዱ ገብቷል፤ አንቺም ጋ ከገባ ካልሲ ሳታደርጊ እንዳትተኚ።

እትዬሽ


ጥቅምት 21

እትዬ፣

እንኳን ደስ ያለሽ ስላልሽኝ ሁለት ቀን ሙሉ ደረቴን ነፍቼ ተንጎራደድኩ። በሦስተኛው ቀን ግን የአራሚነት አመሌ ተነሳ። ማተሚያ ቤት ቁጭ ብዬ የሰው ስህተት ስለቅም ነው የምውለው፤ አንድ ቃል ሁለት ትርጉም ያለው ከመሰለኝ አላልፈውም። ስለዚህ ራጁን ወዳነሳችኝ ባለሙያ ተመልሼ ሄድኩ።

ፎቶዬን መብራት ላይ ሰቅላ አሳየችኝ። ጡት ውስጥ ስብ አለ፤ ወተት የሚሠራውና እሱን ደግፎ የሚይዘው ሥጋም አለ። ስቡ በራጅ ጠቆር ብሎ ይታያል፣ ሌላው ነጭ ነው። ነጩ ሲበዛ ነው ጥቅጥቅ የሚባለው። ችግሩ፣ ካንሰርም ነጭ ሆኖ ነው የሚታየው። "ነጭ ጨርቅ ላይ የወደቀ ነጭ ክር ፈልገሽ ታውቂያለሽ?" አለችኝ፤ የልብስ ሰፊ ልጅ መሆኔን እንኳ አታውቅም። ስለዚህ አልተገኘም ማለት የለም ማለት አይደለም። በዚያ ላይ ጥቅጥቅነቱ ከመደበቁ ሌላ፣ ራሱም በበሽታው የመያዝ ዕድልን ከፍ ያደርገዋል። ጥቅጥቅነት ግን በሽታ አይደለም፣ ብዙ ሴት እንዲህ ነው፣ አትደንግጪ ብላኛለች። በእጅ ተዳሶም አይታወቅም፤ የአንቺና የእማዬ ሁለት ጣት እዚህ ላይ አይሠራም።

ከምን ይመጣል አልኳት። ቀጭን ሴት ላይ ይበዛል አለች፤ ያልወለደች ላይም ይበዛል፤ ዕድሜ ሲገፋና የወር አበባ ሲቋረጥ እየቀነሰ ይሄዳል፤ ከቤተሰብም ይወረሳል። እኔን ከላይ እስከ ታች እያየች የምታነብ ነበር የመሰለኝ። የአንቺንም ጠየቅሁልሽ። አራት ወልዳ ያጠባችና ሞላ ያለች ከሆነች ፎቶዋ ጥርት ብሎ ሳይነበብ አይቀርም፣ ግን ሴት ካረጠች በኋላ ክብደቱ ራሱ አንዱ የበሽታው መንገድ ነውና እህትሽ እንዳትኮራ አለችኝ። እንዳትኮሪ።

"ይወረሳል" ካለች በኋላ ግን ስለ እማዬ ጠየቀችኝ። በልብ ነው የሞተችው አልኳት። "እርግጠኛ ነሽ?" አለች። አዎ ልላት ስል አሰብኩት። እኔ እኮ አልነበርኩም፤ ትምህርት ላይ ነበርኩ፤ የነበርሽው አንቺ ነሽ። ሦስት ጥያቄ በሌላ ወረቀት ጽፌ አብሬ ልኬልሻለሁ። የምትከታተለኝ ሐኪም ሌላ ምርመራ ይጨመርላት ወይም በቃት የምትለው በአንቺ መልስ ነው። በተራ በተራ መልሺልኝ፣ አደራ።

ሚጢ


ኅዳር 5

ይድረስ ለሚጢ፣

ስለዘገየሁ ይቅርታ። የሆቴል ሠራተኞች ልብስ ይዤ ነበር፤ ስልሳ ኮሌታ። አሁንም ዓይኔን ስጨፍን ኮሌታ ነው የሚታየኝ።

ጥያቄዎችሽን አንብቤያለሁ። የመጀመሪያው፣ እማዬ ስትሞት አርባ ሰባት ዓመቷ ነበር። ሁለተኛው፣ ሁለታችንንም አጥብታናለች፤ አንቺን ሁለት ዓመት ተኩል፣ መንከስ ከጀመርሽ በኋላ እንኳ።

እማዬን ስላነሳሽብኝ ሰሞኑን ከዓይኔ አልጠፋ አለች። ከፋብሪካ ስመለስ የስፌት መኪናዋ ድምፅ ከመንገዱ ጥግ ጀምሮ ይሰማኝ ነበር፤ ያኔ ጆሮ ነበረኝ። ምን እንደምትሰፋ ከድምፁ አውቅ ነበር። መጋረጃ ከሆነ ሳይቋረጥ ይንቆረቆራል፤ እጅጌ ከሆነ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። ስገባ ቀና ሳትል "እጅሽን ታጠቢና ጠርዙን ያዢልኝ" ትለኛለች። ደክሞኛል ብላት "ተቀምጠሽ ያዢ" ነው መልሷ። ሜትሩ ከአንገቷ አይወርድም፤ እንዲያውም አንድ ጊዜ ሜትሩን እንዳንጠለጠለች ሠርግ ሄዳ፣ ሙሽራዋ "ልትለኪኝ ነው እንዴ" ብላ አልሳቀችም? ያኔ አንቺ ስድስት ዓመትሽ ነው፤ አፍረሽ ጠረጴዛ ሥር ገባሽ። ያንን ቤት ባሰብኩት ቁጥር የሚታየኝ በመስኮቱ የሚገባው የከሰዓት ብርሃንና በብርሃኑ ውስጥ የሚንሳፈፈው የጨርቅ ብናኝ ነው። አሁን ሱቁ ያው ሱቅ ነው፣ መስኮቱም ያው መስኮት ነው፤ ግን እንደዚያ አይገባም።

በመጨረሻዎቹ ዓመታት ልብሷን ሁሉ ሰፋ አድርጋ፣ ፊቱ ላይ እጥፋት እያበዛች ነበር የምትሰፋው። የእጅ ስፌቱን ለእኔ ትተወው ነበር። አረንጓዴው ቀሚሷ አንቺ ጋ ነው መቼም። ሳጥን ውስጥ ታፍኖ ብል እንዳይበላው አውጥተሽ አናፍሺው።

ሦስተኛው፣ ልቧ ነው። ልቧ ነው ብያለሁ። ሰው ሁሉ ያውቀዋል።

ደንበኛ ቆሞ እየጠበቀኝ ነው፤ በዚሁ ላብቃ።

እትዬሽ


ኅዳር 17

እትዬ፣

ሰላምታዬ ይቆይሽ። አረንጓዴውን ቀሚስ አውጥቼ አናፈስኩት።

አልጋዬ ላይ ገልብጬ ዘረጋሁት። በውስጥ በኩል፣ ግራ ደረቱ ላይ፣ ከገበሩ ጋር የተሰፋ ክብ ኪስ አለ። ሃያ ሦስት ዓመት እኔ ጋ ሲቀመጥ አንድ ቀን ገልብጬ አላየሁትም። መጀመሪያ ለመሐረብ ይሆናል አልኩ። ጣቴን ላስገባ ብል መግቢያ የለውም፤ አፉ ዙሪያውን ተሰፍቷል። ስጨብጠው ለስላሳ ነው። ጥጉ ላይ ክሩ ላላ ስላለ በመርፌ ከፈት አድርጌ አየሁት። ጥጥ ነው። አንድ ቦታ እንዳይከማች በየመሃሉ በክር የተያዘ፣ በልክ የተሞላ ጥጥ። ቀኙን አየሁ፤ ቀኙ ላይ ምንም የለም።

ልቡን የታመመ ሰው ጥጥ ምን ያደርግለታል?

አንድ ነገር ልጨምርልሽ። ስፌቱ ወደ ግራ ያጋደለ ነው። የእማዬ ስፌት እንደ ሰው ሁሉ ወደ ቀኝ ነው የሚያጋድለው። በዚያ ቤት ግራኝ አንቺ ብቻ ነበርሽ። ደግሞ ሥራዬን ታውቂዋለሽ፤ ባለፈው ደብዳቤሽ "ልቧ" ከሚለው በፊት ሌላ ቃል ጀምረሽ ሰርዘሻል። ወረቀቱን መስኮት ላይ ለጥፌ አየሁት። የመጀመሪያው ፊደል "ጡ" ነው።

ሐኪሟ ጋ የምቀርበው ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። እንዳትዋሺኝ።

ሚጢ


ኅዳር 26

ሚጢዬ፣

ሦስት ወረቀት ቀድጄ ይሄ አራተኛው ነው።

አዎ፣ ጡቷ ነው። ግራው። አርባ አምስት ዓመቷ ነበር። አንቺ ኮሌጅ የገባሽበት ዓመት ነው። ዓይኗን ልትታከም ሄደች ያልንሽ ጊዜ ዓይኗ ምንም አልሆነም ነበር፤ ሊቆርጡላት ነው የሄደችው። አብሬያት ነበርኩ። ከሆስፒታሉ በር ስንወጣ መጀመሪያ ያለችኝ ነገር ምን መሰለሽ? "የሰው ልብስ እያስተካከልኩ የራሴ ተንጋዶ ሊታይ ነው?" እንደዚያ ነበረች። ቤት እንደገባን ወረቀት ቆርጣ ልኩን አወጣች፤ ጥጡንም በመዳፏ እየመዘነች፣ ትንሽ ጨምሪ፣ ትንሽ ቀንሺ እያለች አስሞላችኝ። እጇ ወደ ላይ አልነሳ ስላላት ስፌቱን እኔ ሠራሁት። ስድስት ቀሚስ ላይ ሰፍቻለሁ። መስታወቱ ፊት ዞር ዞር ብላ አይታ "አንቺ ልጅ፣ ሙያ ገብቶሻል" አለችኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን አሞግሳኝ አታውቅም፤ እኔም እውነቴን ነው፣ ደስ ብሎኝ ነበር። ማንም አላወቀብንም።

አስማለችኝ። "ትንሿ ከሰማች ትምህርቷን ጥላ ትመጣለች" አለች። ደግሞ "በዘራቸው ነው ብለው ያወሩባታል፣ የሚያገባት ታጣለች" አለች። ሁለት ዓመት ሳይሞላ ተመልሶ መጣባት፤ አጥንቷ ውስጥ ገባ። ለጎረቤት ልብ ነው አልን። በልብ የታመመን ሰው ማንም በሹክሹክታ አያወራበትም።

ቀሚሱን አናፍሺው ያልኩሽ ለምን እንደሆነ እኔም አላውቅም። እጄ ጻፈው። ይቅር በይኝ። ልታኮርፊኝ መብትሽ ነው፤ ግን ከማኩረፍሽ በፊት ሄደሽ ቅጹን አስተካክዪ። "እናት፣ በአርባ አምስት ዓመቷ" ብለሽ ጻፊ።

እትዬሽ


ታኅሣሥ 18

ሚጢ፣

ሦስት ሳምንት ሆነው። ፖስታ ቤት ስገባ ሴትየዋ ገና ሳልጠይቃት ራሷን ትነቀንቅልኛለች፤ አሁንማ ስታየኝ ከመስኮቱ ዘወር ማለት ጀምራለች። ልጄ ልደውልላት ስትለኝ ተይ አልኳት። ድምፅሽን በሰው ጆሮ መስማት አልፈልግም።

ትናንት የድሮውን መሳቢያ ሳጸዳ ከኮሌጅ የጻፍሽልን የመጀመሪያ ደብዳቤ ተገኘ። የአልጋሽን ቁጥር፣ የመስኮቱን አቅጣጫ፣ አብራሽ የምትተኛዋ ልጅ እንደምታንኮራፋ ሁሉ ጽፈሽልናል። እማዬ ሦስት ጊዜ አስነብባኝ ነበር። ምንም የማትደብቂ ልጅ ነበርሽ።

ብትሰድቢኝም ጻፊልኝ። ይሄንን በቀይ እስክሪብቶ አርመሽ ብትመልሺልኝም ይበቃኛል።

እትዬሽ


ታኅሣሥ 24

እትዬ፣

ስላስጨነቅሁሽ ይቅርታ። መጀመሪያ ላይ አኩርፌ ነበር፤ በኋላ ያዘገየኝ ግን ኩርፊያ አይደለም።

ከኩርፊያው ልጀምር። በልብ ሞተች ካላችሁኝ ቀን ጀምሮ ሃያ ሦስት ዓመት ልቤን ስጠብቅ ኖርኩ። ጨው አልበላም። ደረጃ ስወጣ በየፎቁ ቆሜ አርፋለሁ። በየዓመቱ ልቤን አስመረምራለሁ፤ ሐኪሙ "ልብሽ የፈረስ ልብ ነው፣ ከእኔ ምን ትፈልጊያለሽ?" ይለኛል። ሰው ቤት ተጋብዤ ጨው አለበት ወይ እያልኩ ስንቱን አሳቅቄያለሁ። ሌባው በጓሮ ሲገባ እኔ የፊት በሩን ስቀረቅር ኖርኩ ማለት ነው። አንድ ቀን ንዴቴ ቢጠናብኝ ሾርባዬ ላይ ጨው ነስንሼ ነስንሼ፣ መብላት አቅቶኝ ደፋሁት።

ሌላም ነገር አለ። በመጨረሻው የእረፍት ጊዜዬ ስመጣ እማዬ በቀኝ ጎኗ ብቻ ነበር የምታቅፈኝ። ልጠመጠምባት ስል በክንዷ ከለል ታደርገኝ ነበር። ትልቅ ልጅ ሆንኩባት፣ ፍቅሯ ቀዘቀዘ ብዬ አልጋ ላይ ሄጄ አልቅሻለሁ። ያንን ለማንም አልነገርኩም። አሁን ገባኝ፤ ቁስሉን ወይም ጥጡን እንዳልነካባት ነው። እትዬ፣ ይሄን ማወቅ ብቻውን ዓመት ሙሉ የሚያስለቅስ ነው፤ ግን ደግሞ ደስ ብሎኛል። እናቴን መልሰሽ ሰጠሽኝ።

ከዚያ ቅጹን አስተካከልኩ። ሐኪሟ "እናት፣ በአርባ አምስት" የሚለውን አይታ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ጥቅጥቅነቱንና ይሄንን አንድ ላይ ካየሁ በራጅ ብቻ አልተውሽም ብላ ኤም አር አይ አዘዘችልኝ። እዚያ ላይ ታየ። ግራው ነው። ዘጠኝ ሚሊ ሜትር ነው፣ ከሸሚዝ ቁልፍ ያንሳል። ናሙና ወሰዱ፤ ካንሰር ነው አሉ። ራጁ ላይ ግን ቦታውን አውቀው እየፈለጉት እንኳ አይታይም።

ጥር 13 ቀዶ ሕክምና አለኝ። ሁሉንም አይቆርጡትም፤ እሱንና ዙሪያውን ብቻ ያወጣሉ፣ ከዚያ ጨረር ይቀጥላል ብለዋል። አልፈራሁም ብልሽ ውሸት ነው። ማታ ማታ መብራት ሳላጠፋ ነው የምተኛው።

አንቺም ሄደሽ ተመርመሪ። ለልጅሽም ንገሪያት፤ የእሷም ጉዳይ ነው።

አንድ ጥያቄ ቀርቶኛል። እንደ ልማዴ በሌላ ወረቀት ጽፌዋለሁ። መመለስ ካልፈለግሽ ቅደጂው፤ ዳግም አልጠይቅሽም።

ሚጢ


ጥር 2

ሚጢዬ፣

ደብዳቤሽን ሱቅ ውስጥ ቆሜ ነው ያነበብኩት፤ ከዚያ በሩን ዘግቼ የጨርቅ ቁልል ላይ ተቀመጥኩ። ልጄ መጥታ አንኳኳች። ለእሷም ሰጥቻት አነበበችው፤ የቀረውን እኔ ነገርኳት። ያንን ቃል በዚህ ቤት ጮክ ብዬ ስናገር የመጀመሪያዬ ነው። በማግሥቱ አብረን ሐኪም ቤት ሄደን ተመዘገብን። እኔ ራጅ እነሳለሁ። እሷን ገና ወጣት ነሽ ብለው ከስንት ዓመቷ መጀመር እንዳለባት ጽፈው ሰጧት። ወረቀቱን መስታወቷ ላይ ለጥፋዋለች፤ እኔ ብሆን መሳቢያ ውስጥ ነበር የምከተው።

ወረቀትሽን አልቀደድኩትም። እማዬ እስከ መጨረሻዋ አትንገሪያት ብላ ነው ወይ የሞተችው ብለሽ ጠይቀሽኛል።

አይደለም።

ለማንም ያልነገርኩት ይሄ ነው። ስድስት ቀን ሲቀራት፣ ጠዋት ፀጉሯን እያበጠርኩላት ሳለ፣ "ትንሿን አሁን ንገሪያት" አለችኝ። "ሴት ናት፤ ለራሷ ማወቅ አለባት። መሐላሽን ፈትቼልሻለሁ" አለች። እሺ አልኳት። ለቀብሩ ስትመጪ ልነግርሽ ነበር፤ ከአውቶቡሱ ስትወርጂ አየሁሽ፣ ፊትሽ የሕፃን ፊት ነበር፣ አቃተኝ። ስትመረቂ አልኩ። ሥራ ስትይዢ አልኩ። ከዚያ ዓመቱ ሲቆለል፣ ለምን እስከ ዛሬ ብትይኝ ምን እመልሳለሁ ብዬ ፈራሁ። ደግሞ ካልተናገርኩት በቤታችን የሌለ ይመስለኝ ነበር። ለራሴም ቢሆን አንድ ቀን ተመርምሬ አላውቅም። በኅዳሩ ደብዳቤ እንኳ አስማለችኝ ብዬ በእሷ አመካኘሁ፤ መፍታቷን ግን ዋጥኩት። ደብቂ ያለችኝ እሷ ብትሆንም፣ ሃያ ሦስት ዓመት የደበቅሁት እኔ ነኝ።

ይቅር በይኝ ለማለት እንኳ አፍሬያለሁ። መመለስ ካልፈለግሽ ይገባኛል። ከቀዶ ሕክምናው በሰላም መውጣትሽን ብቻ ለልጄ ደውለው እንዲነግሯት አድርጊ።

እትዬሽ


ጥር 7

እትዬ፣

ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። አንድም የሚታረም የለውም።

ተናድጃለሁ። እንደዚህ ተናድጄ አላውቅም። ትናንት ሥራ ላይ ለአንቺ የሚመጥን ስድብ ሳስብ ሁለት ገጽ ሳላርም አልፎኝ አለቃዬ ጠራኝ። ማታውን ልጽፍልሽ ተቀምጬ ስድስት ገጽ ሞላሁ፤ ገና ስለ መጀመሪያው ዓመት ነው የጻፍኩት። ስለዚህ በደብዳቤ የሚሆን አይደለም። ጥር 12 ነይ፤ ልጅሽ ይዛሽ ትምጣ። አልጋዬ ለሁለት ይበቃል፣ በቀኜ ትተኛለሽ። ሲወስዱኝ እጄን ትይዣለሽ፣ ስነቃም እዚያው እንዳገኝሽ።

ሐኪሟ በጊዜ ነው የተደረሰበት፣ ስለ እናትሽ ስለነገርሽኝ ነው፣ ገና ብዙ ዘመን ይኖርሻል ብዬ አስባለሁ ብላኛለች። እንግዲህ ያንን ሁሉ ዘመን ስቆጣሽ እኖራለሁ።

ሚጢ